ሪሞቱ የማን እጅ ላይ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ማክሰኞ የስድስት ዓመት ልጄን ትኩሳት ያዛትና ክሊኒክ ወሰድኳት። ተራችን እስኪደርስ አርባ ደቂቃ ያህል ተቀመጥን። ከካርድ ክፍሉ መስኮት በላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ዜና ነው። የፈረሰ ቤት፣ ከፍርስራሽ ሥር የሚወጣ ሕፃን፣ ደረቷን እየደቃች የምታለቅስ እናት። ልጄ ጭኔ ላይ ሆና ዓይኗን አልነቀለችም። «እማ፣ ልጁ ሞተ?» አለችኝ። ፊቷን ወደኔ አዞርኩትና ዙሪያዬን ብመለከት ከእሷ በቀር ቴሌቪዥኑን የሚያይ ሰው የለም፤ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ካርድ የምታወጣውን ልጅ «እባክሽ የኔ እህት፣ ቀይሪልን» ብላት «ሪሞቱ የት እንደሆነ አላውቅም፣ ጠዋት የሚከፍተው ጥበቃው ነው» አለችኝ። ጥበቃው ደግሞ ምሳ ወጥቷል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮዬ ነቅቷል። ታክሲ ውስጥ የሹፌሩ ሬዲዮ ኳስ ይተነትናል፣ ከኋላ አንዱ ያለ ኢርፎን ቲክቶክ ያገላብጣል። ባንክ ወረፋ ስጠብቅ ማስታወቂያ። ቁርስ ቤቱ ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥን በሁለት ጣቢያ። ይሄ ሁሉ ድሮም ነበር፣ እኔ ነኝ ያላስተዋልኩት።

ሚዲያ ጠልቼ አይደለም። ያደግኩት ግድግዳው ጋዜጣ በተለጠፈበት የጭቃ ቤት ነው። አባቴ እንቁጣጣሽ ሲደርስ አሮጌ አዲስ ዘመን በኪሎ ገዝቶ ይመጣል፣ እናቴ የዱቄት ሙጫ ታፈላለች፣ እኛ እንለጥፋለን። ማንበብ የለመድኩት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ተገልብጦ የተለጠፈውን አንገቴን አጣምሜ አነበው ነበር። ከራስጌዬ በኩል አንድ ታሪክ ነበር፣ መጨረሻው በሌላ ገጽ ተሸፍኖ እስከዛሬ ምን ላይ እንዳለቀ አላውቅም። ተመርቄ ሥራ ስፈልግም አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ ተከራይቼ አንብቤያለሁ። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሲጀመር በስንት ሰው ቤት ነበር? በደርግ ጊዜ እንኳ የሰፈራችን ሰው ቀበሌ ሄዶ ነበር የሚያየው። ሰው ፈልጎ፣ በእግሩ ሄዶ ያገኘው ነበር። አሁንም ቢሆን ልብስ ሳጥብ ያለ ሬዲዮ አይሆንልኝም፣ ግን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ሲበቃኝም እዘጋዋለሁ።

የምለው ይሄን ነው። ክሊኒክ ውስጥ የታመመ ልጅ ተነስቶ መውጣት አይችልም፣ እናቱም አትችልም። እዚያ የሚከፈተውን ነገር አንድ ሰው አስቦ ይክፈተው። የልጆች ፕሮግራም ይሁን፣ ካልሆነ ድምፁ ይጥፋ፣ ሪሞቱም ካርድ ክፍል ይቀመጥ። ክሊኒክ ያላችሁ ሰዎች ይሄ ምንም ወጪ የለውም። እናንተም ጋዜጠኞች ናችሁና ጤና ቢሮን ጠይቁልን፣ የሕፃናት መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ስለሚታየው ነገር መመሪያ ካለ እንወቀው፣ ከሌለም ይውጣ።

የልጄ ትኩሳት በማግስቱ ወርዷል። ስለ ልጁ ግን ትናንት ማታ ልትተኛ ስትል እንደገና ጠየቀችኝ።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ