ስለ አንዲት መንደር ምክርሽን ፈልጌ ነው

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? ያ ባለቤትሽ አሁንም ጎህ ሳይቀድ ሬዲዮ ከፍቶ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝም ማለቴን አውቃለሁ። ከእትዬ ነገር በኋላ ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ቃል አጣሁ። ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ነጎደ። ይቅር በይኝ። ስንገናኝ ትቆጪኛለሽ፣ እኔም ቁጭ ብዬ እሰማሻለሁ። አሁን ግን ቸኩያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ጀርመን፣ ኑረምበርግ ያለን ሐበሾች የፊታችን ቅዳሜ ልጆቻችንን ይዘን ወደ አንዲት የገጠር መንደር ልንሄድ ነው። ሞድላሮይት ትባላለች። ታሪኳን በአማርኛ እንድነግራቸው የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ትልቁ ልጅ 13 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 7። አማርኛቸው ግማሽ በግማሽ ነው። አንቺ አንድ ጠመኔ ይዘሽ ክፍል ሙሉ ተማሪ አፉን አስከፍተሽ ታስተምሪ የለ? በየደብዳቤሽ ስትነግሪኝ የኖርሽውን ጉራ አሁን በተግባር አሳዪኝ። ከየት ልጀምርላቸው?

ቀድሜ ሄጄ አይቻታለሁ። ከሆፍ ከተማ በስተሰሜን፣ በእርሻና በጥድ ደን መካከል ያለች ሚጢጢ መንደር ናት። ነዋሪዎቿ 50 ቢሆኑ ነው። መሃሏን ታንባኽ የሚባል ጅረት ይከፍላታል። ጅረት ስልሽ ትልቅ ውሃ እንዳይመስልሽ። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ በአንድ እርምጃ ተሻገርኩት።

ዳር ላይ አጭር ድንጋይ ተተክላለች። የድንጋይ ሽበት ወርሷታል። በጣቴ ጠረግ ጠረግ ሳደርጋት ፊደል ወጣ። በአንድ ጎኗ የባቫሪያ ንጉሣዊ መንግሥት፣ በሌላው ጎኗ የሮይስ ልዑላዊ ግዛት የስማቸው መነሻ ፊደላት ተቀርጸዋል። እንዲህ ያሉት ድንጋዮች የተተከሉት በ1810 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። እዚያው ተንበርክኬ ቆየሁ። ለምን እንደሆነ አንቺ ይገባሻል።

አየሽ፣ መስመሩ ከድሮም ነበረ። ኑሮውን ግን አልከፈለውም። ትምህርት ቤቱም መጠጥ ቤቱም በአንደኛው ማዶ፣ ዛሬ ቱሪንጂያ በሚባለው ክልል በኩል ነበሩ። የወዲህ ማዶ ልጆችም እዚያው ይማራሉ፣ አባቶቻቸውም እዚያው ይጠጣሉ። ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሁሉም በባቫሪያ በኩል ወዳለችው ወደ ቶፐን ይሄዳል። ሁለት መንግሥት ያላት አንድ መንደር ነበረች። ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ኖሩ።

በ1945 ጀርመን ተሸነፈች። አሸናፊዎቹ ሀገሩን ሲከፋፈሉ ያንኑ የድሮ መስመር ተጠቀሙበት። ቱሪንጂያ ለሶቪየቶች፣ ባቫሪያ ለአሜሪካኖች ደረሰ። በ1949 ሁለት ጀርመን ሲቋቋም ጅረቱ የሁለት ሀገር ድንበር ሆኖ አረፈው። ያኔም ቢሆን በፈቃድ ወረቀት መሻገር ይቻል ነበር። በ1952 ግን በሶቪየቶቹ በኩል ያለችው ምሥራቅ ጀርመን ዘጋችው። በድንበሩ ዳርቻ የማይታመኑ ናቸው የተባሉ ቤተሰቦች ከየቤታቸው ተነቅለው ወደ መሃል ሀገር ተወሰዱ። በሞድላሮይት መጀመሪያ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የሳንቃ አጥር ቆመ። ከዚያ ሽቦ። በ1966 ደግሞ 700 ሜትር የሚረዝም፣ ቁመቱ ከ3 ሜትር የሚያልፍ የሲሚንቶ ግንብ ተገነባ። የአሜሪካ ወታደሮች ትንሿ በርሊን ይሏት ነበር። ትልቁ ጆርጅ ቡሽ፣ ገና የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሳለ፣ በ1983 መጥቶ አይቷታል።

ግንቡ ፎቶ ላይ ይታያል፣ ልጆቹም ቆመው ያዩታል። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ከምሥራቁ በኩል ያለ ሰው ወደ ምዕራቡ እጁን ማውለብለብ ክልክል ነበር። ሰላም ማለትም ክልክል። እስቲ አስቢው። ጎረቤትሽ ማዶ ልብስ ስታሰጣ ታይያታለሽ፣ አብራችሁ ነው የተማራችሁት፣ ግን እጅሽን ካነሳሽ ጥፋት ነው። ይሄን ሳነብ ቀጥዬ ማንበብ አቃተኝ። እትዬ ትዝ አሉኝ። ያኔ ስልክ የተቆረጠ ጊዜ አንቺ ያልሽውን ነገር አሁንም አልረሳሁትም።

ደግሞ የ1973ቱ ሰውዬ አለ። መሰላል አስደግፎ ግንቡን ዘሎ አመለጠ። ወንዶቹ ልጆች እሱን ነው የሚወዱት፣ ከአሁኑ ይታወቀኛል። ቅዳሜ ስለ መሰላሉ ብቻ ሲጠይቁኝ ይውላሉ።

የበርሊን ግንብ ኖቬምበር 9፣ 1989 ሲከፈት ሞድላሮይት ገና ዝግ ነበረች። መንደርተኛው በግንቡ ወዲህና ወዲያ እየተሰበሰበ ይከፈትልን አለ። ልክ በወሩ፣ ዲሴምበር 9፣ የእግር መተላለፊያ ተከፈተ። ከ37 ዓመት በላይ ቆይተው ከአንዱ ማዶ ወደ ሌላው በእግራቸው ሄዱ። በተከታዩ ዓመት ጁን 17 ኤክስካቫተር መጥቶ ግንቡን ናደው። 100 ሜትር ያህሉን ለመታሰቢያ ተዉት፣ አሁን ሙዚየም ነው።

ልጆቹ ግን እዚህ ላይ ታሪኩ አለቀ ብለው እንዲሄዱ አልፈልግም። ምክንያቱም መስመሩ ዛሬም አለ! ወዲህ ማዶ ባቫሪያ ነው፣ በቶፐን ሥር። ወዲያ ማዶ ቱሪንጂያ ነው፣ በገፌል ሥር። ሁለት ከንቲባ፣ ሁለት የፖስታ ቁጥር። ጃንዋሪ 6፣ በነሱ የጥምቀት ቀን፣ ባቫሪያዎቹ ሥራ ዘግተው ያከብራሉ፣ ከጅረቱ ማዶ ያለው ግን ሥራ ይገባል። ኦክቶበር 31 ደግሞ ተራው የወዲያ ማዶዎቹ ነው። ድንጋይዋም እዚያው ናት። ግን ማንም ማንንም አይከለክልም፣ ሲያሻው ተሻግሮ ይመጣል። ለልጆቹ ልነግራቸው የምፈልገው ይሄንን ነው። ክፋቱ ከመስመሩ አልነበረም፣ በላዩ ላይ ከቆሙት ሰዎች ትእዛዝ እንጂ። ለ7 ዓመት ልጅ ይሄ እንዴት ይነገራል? አንቺ መንገድ አታጪለትም።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ። እስካሁን የዞርኩት እሱን ፈርቼ ነው።

ከልጆቹ የአንዷ እናት ደወለችልኝ። ወገኖቿ በኢትዮጵያና በኤርትራ ድንበር ላይ ባለችው በዛላምበሳ ወዲህና ወዲያ ናቸው። «እዚያ ስትደርሺ የኛንም ንገሪያቸው፣ ልጄ አያቷን ለምን እንደማታውቃት በዚያው ትስማ» አለችኝ። ምን ልበላት? መስከረም 1 ቀን 2011 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) ድንበሩ ሲከፈት በቴሌቪዥን ያየነውን አስታውሳታለሁ፣ ያን ሁሉ መተቃቀፍ፣ ያን እልልታ። ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ መዘጋቱንም መናገር አለብኝ። ከልጆቹ መካከል አባቶቻቸው በሁለቱ ሀገሮች ጦርነት በዚህም በዚያም የተሰለፉ አሉ። ወላጆቹም አብረውን ነው የሚሄዱት። አንዱ አንድ ነገር ቢናገር፣ አንዱ ቢከፋውስ? ዝም ብል ደግሞ የእናትየዋ ድምፅ ከጆሮዬ አይወጣም።

ልነግራቸው ነው የማስበው። ብቻዬን ግን ድፍረቱን አጣሁ። በተለይ አንቺን ሳልጠይቅ የዛላምበሳን ስም ማንሳት ከበደኝ። የእትዬን ነገር አልነግርም፣ እሱ የናንተ ነው። ካልሽ ግን፣ አንዲት ሴትዮ ነበሩ ብዬ፣ ስማቸውን ሳልጠራ... አላውቅም። እምቢ ካልሽ እምቢ ነው፣ ቅር አይለኝም።

እስከ ሐሙስ ማታ መልሽልኝ። መጻፍ ከታከተሽ በድምፅ ላኪልኝ፣ እንደ ልማድሽ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ብትስቂም ግድ የለም። ከየት ልጀምር? ከድንጋይዋ ነው ወይስ እጅ ማውለብለብ ከተከለከለችው ጎረቤት? ስለ ዛላምበሳስ አዎ ነው ወይስ አይሆንም? እትዬ ስልክ ካነሱ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያንቺው