ረግረጉን ደፍናችሁ በሰማይ አታሳብቡ

ይድረስ ለአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ፦

ክቡርነትዎ፣ ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱን በመዝገብ ቤት በኩል አስገብቻለሁ። «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም አርፎባቸዋል፣ በቃ። መልስ ልጠይቅ ስመጣ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ነዎት፣ ሌላ ቀን መስክ ወጥተዋል። መስኩ የቱ እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ እኛ ጋ አልመጡም።

ጉዳዩን ያውቁታል። ከሰፈራችን በላይ ባለው ረግረግ ላይ ገልባጭ መኪና አፈርና ፍርስራሽ መድፋት ሲጀምር ገና በመጀመሪያው ሳምንት አመልክቻለሁ። «ባዶ መሬት ነው» ተባልኩ። ባዶ! ቄጠማው፣ እንቁራሪቱ፣ ወፉ፣ በዝናብ ጊዜ ውሃውን ጠጥቶ በድርቅ ጊዜ ቀስ እያለ ወደ ጉድጓዳችን የሚያሰርገው አፈር፣ ይሄ ሁሉ ባዶ።

ከዚያ ያ ዝናብ መጣ። ሌሊት የቀሰቀሰኝ ነጎድጓዱ ሳይሆን የእናቴ ጩኸት ነው። ውሃው ፍራሿ ጋ ደርሷል። በጨለማ ተሸክሜ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት፤ እዚያው ቁጭ ብላ ጫማዋ ክፍሉ ውስጥ ሲንሳፈፍ እያየች ነጋላት።

ሦስተኛውን ማመልከቻ የጻፍኩት ያኔ ነው። ከቢሮዎ ያገኘሁት ብቸኛ መልስ፣ እሱም በቃል፣ «የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ነው፤ ከአቅማችን በላይ ነው» የሚል ነበር።

እሺ፣ እንነጋገርበት። አየር 1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መሸከም ይችላል። ስለዚህ ዝናቡ ሲመጣ ባንዴ ይዘረገፋል፤ ሲቀር ደግሞ ሙቀቱ በአፈሩ ውስጥ የተረፈችውን እርጥበት ሙልጭ አድርጎ ይወስዳታል። እውነት ነው፣ አልከራከርም። ረግረግ የሚያስፈልገው ለዚሁ አይደል እንዴ? ድንገት የመጣውን ውሃ ያዝ አድርጎ፣ ደለሉን አስቀርቶ፣ ያለ ሞተር ያለ ናፍጣ ቀስ ብሎ ይለቀዋል። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ባልዲውን ሰብሮ «ጥፋተኛው ዝናቡ ነው» የሚል ሰው ምን ይባላል?

ረግረጉ ራሱ ደግሞ ከሙቀቱ አላመለጠም ነበር። ከዓመት ዓመት ጠርዙ ሲደርቅ፣ ወፎቹ ሲመናመኑ አይተናል። ታሞ ነበር እንጂ አልሞተም። አስታማሚ ስንጠብቅለት ቀባሪ መጣ።

ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ፒት የሚባለው የረግረግ አፈር ከዓለም የብስ 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ሸፍኖ የዓለም ደኖች ሁሉ ተደምረው በዛፎቻቸው ከያዙት የበለጠ ካርቦን ይዟል። ሲደርቅ ያንኑ መልሶ ወደ አየር ይለቀዋል። የኛዋ ረግረግ ከዚያ አንጻር ኩሬ ብትሆንም፣ በየቦታው እንዲህ እየደፈናችሁ የምታሳብቡበትን ሙቀት ራሳችሁ ታባብሱታላችሁ።

«ልማት ነው» የሚሉም ሰምቻለሁ። የኒውዮርክ ከተማ ቢሊዮኖች የሚፈጅ የውሃ ማጣሪያ ከመገንባት፣ የካትስኪል ተራሮችን ደንና የውሃ መነሻ መጠበቅ ይረክሰኛል ብላ እ.ኤ.አ. በ1997 ስምምነት ፈርማለች። የወፍ ፍቅር ይዟት አይደለም፤ ሒሳብ ሠርታ ነው። ረግረጎችን ለመጠበቅ የራምሳር ስምምነት የተፈረመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ለቢሮዎ ዜና ሊሆን አይችልም።

ታዲያ መድፋቱ የተፈቀደው በየትኛው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ነው? ሰነዱን ሁለት ጊዜ ጠይቄ አላየሁትም። ካለ አውጡት። ከሌለ የተደፋው አፈር ይነሳ፤ ያመጡት መኪኖች መንገዱን ያውቁታል።

የእናቴን አልጋ በአራት ብሎኬት ከፍ አድርገንላታል። አሁንም ደመና ባየች ቁጥር ጫማዋን ከወለሉ ታነሳለች።