ዋንጫውን ያነሳው በረኛው ነው

ለተከበራችሁ የስፖርት ዓምድ አዘጋጆች፤

ባለፈው ቅዳሜ በ1982 (ዓመታቱንም ወራቱንም ሁሉ የምጠቅሰው እንደ እናንተው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የዓለም ዋንጫን ስላሸነፈው የጣሊያን ቡድን ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ እንደ ሌላው አንባቢ ሁሉ እኔም በጉጉት ጀምሬው ነበር። ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ ላይ ስደርስ ግን ጋዜጣውን አጥፌ አስቀመጥኩት። «አምበሉ ፓኦሎ ሮሲ ዋንጫውን ሲያነሳ» ይላል። በፎቶው ላይ ዋንጫውን የያዘው ሰው የለበሰው ግራጫ ማሊያ ነው፤ የሮሲና የሌሎቹ ሰማያዊ ነው። ከአሥራ አንዱ መካከል የማሊያው ቀለም የሚለየው ማን እንደሆነ ለስፖርት ጋዜጠኛ ማስረዳት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለአስረጂውም ያሳፍራል። ሰውየው ዲኖ ዞፍ ይባላል፤ በረኛውም አምበሉም እሱ ነበር።

የአንድ መስመር ስህተት በአንድ መስመር ማረሚያ ያልቃል ትሉ ይሆናል፤ እኔም ልተወው አስቤ ነበር። ነገር ግን ዘገባውን ደግሜ ሳነበው የዞፍ ስም የተጠራው አንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ እሱም በጎን ባለው ሣጥን ውስጥ፣ በ1974 የሄይቲው ኢማኑኤል ሳኖን ግብ ያስቆጠረበት በረኛ ተብሎ። ያቺ ግብ ዝነኛ የሆነችበትን ምክንያት ግን አልነገራችሁንም። ዞፍ ከ1972 መስከረም ጀምሮ ለብሔራዊ ቡድኑ ሲቆም 1,142 ደቂቃ ሙሉ አንድም ኳስ አልገባበትም ነበርና ነው፤ ያንን ጨዋታም ጣሊያን 3 ለ 1 አሸንፋለች። ከዚያ ሁሉ ደቂቃ ውስጥ ኳስ የገባችበትን አንዷን ለቅማችሁ ማውጣታችሁ፣ ያለ ማጋነን፣ የዓይናችሁን ጥራት ያሳያል።

ሮሲ በሐምሌ 5ቱ የባርሴሎና ጨዋታ ብራዚል ላይ ሦስት ግብ ማስቆጠሩን ማንም አይክድም፤ ለሁለት ዓመት ታግዶ ለተመለሰ ሰው ያ ተአምር ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ። «ብራዚልን ብቻውን ወደ አገሯ ሸኛት» የሚለውን ግን መቀበል አልችልም። ብራዚል ለማለፍ አቻ መውጣት ይበቃት ነበር። ውጤቱ 3 ለ 2 ሆኖ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ከቅጣት ምት የተሻገረችውን ኳስ ኦስካር በቴስታ መታት (ቃሉን ራሱን ከጣሊያኖቹ ነው የወሰድነው)። ዞፍ ተወርውሮ የግቡ መስመር ላይ ያዛት። በረኛ የነበረ ሰው የሚያየው ከመያዙ በኋላ ያለውን ነው፤ ኳሷ ወደ ኋላ አንድ ስንዝር ብትንሸራተት ግብ ናት፣ ወደ ፊት ብትተፋ ደግሞ አጥቂ ቆሞ ይጠብቃታል። እሱ ግን የወደቀበት ቦታ ላይ ከመሬት ጋር አጣብቆ አስቀራት። ብራዚሎቹ ገብታለች ብለው እጃቸውን ቢያነሱም ዳኛው አልሰማቸውም። የአርባ ዓመት ሰው ነበር። ይህን በዘገባችሁ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ጣሊያን ከምድቡ ያለፈችው ከካሜሩን ጋር በነጥብም በግብ ልዩነትም እኩል ሆና፣ አንድ ግብ ብቻ አብልጣ በማስቆጠሯ ነው። በ1 ለ 1ዱ ጨዋታ ዞፍ ላይ አንዲት ኳስ ብትጨመር ኖሮ የምታልፈው ካሜሩን ነበረች፤ እናንተም ስለ ሮሲ የምትጽፉት ባልኖረ።

ሰውየው እዚያ የደረሰው እንዲሁ አይደለም። በ14 ዓመቱ ኢንተርና ዩቬንቱስ አጭር ነህ ብለው መልሰውታል፤ አያቱ ይረዝም ዘንድ እንቁላል በላይ በላዩ ታበላው እንደነበር በአገሩ የታወቀ ወሬ ነው። በ1961 ለኡዲኔዜ በሴሪ አ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ አምስት ገባበት። ያው «አጭር» ያለው ዩቬንቱስ በ1972 ከናፖሊ ገዝቶት አሥራ አንድ የውድድር ዓመት ሲጫወት አንድም የሊግ ጨዋታ አላመለጠውም፤ 330 ጨዋታ፣ ስድስት የሊግ ዋንጫ። በ1978 የዓለም ዋንጫ ከሩቅ በተመቱ ኳሶች ግብ ሲቆጠርበት ግን ዓይኑ ደክሟል፣ አርጅቷል ተባለ። የዚያን ጊዜ ስሙን የሚረሳ ጋዜጣ አልነበረም።

ይህን ያህል የተቆጣሁበትን ምክንያት ልደብቃችሁ አልፈልግም። እኔም ለአንድ ድርጅት ቡድን ስምንት ዓመት በረኛ ሆኜ ተጫውቻለሁ። ዋንጫ በበላንበት ዓመት የተነሳነው ፎቶ በድርጅቱ አዳራሽ ሲሰቀል ከክፈፉ ስለተረፈ አንዱ ጠርዝ ተቆረጠ፤ በዚያ ጠርዝ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ዛሬም ለጡረታ ጉዳይ ጎራ ባልኩ ቁጥር ከተከላካያችን ትከሻ ላይ ያረፈ አንድ ጓንት አያለሁ፤ ባለቤቱ የለም። የሰቀለውን ሰው ስጠይቀው «ዋናዎቹ ተጫዋቾች እኮ ሁሉም አሉ» አለኝ። የእናንተ የፎቶ ጽሑፍ የእሱን ድምፅ ነው ያሰማኝ።

የጣሊያን ፖስታ ቤት እንኳ በ1982 የድሉን መታሰቢያ ቴምብር ሲያወጣ ሠዓሊው ሬናቶ ጉቱዞ የመረጠው ዋንጫውን ያነሱትን የዞፍን እጆች ነው። የእጆቹን ባለቤት መለየት የከበደው ለእናንተ ብቻ ሆነ።

ስለዚህ ማረሚያው በሚቀጥለው ቅዳሜ እትም፣ ዘገባው በወጣበት በዚያው ገጽ ላይ እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ በመጨረሻው ገጽ ጥግ፣ ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር ተሸጉጦ እንዳይሆን። ፎቶውንም ደግማችሁ ብታትሙት ደስ ይለኛል፤ ቦታ ጠብቦ መቁረጥ ግድ ከሆነ ደግሞ ግራጫ የለበሰው በሌለበት በኩል ይሁን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቀድሞ በረኛ፣ አዲስ አበባ