ዳልቻን አልሸጠውም ልጄ

የኔ ልጅ እንደምን አለሽ፣ ትምህርቱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዝናቡ ግን ጅማን ታውቂያት የለ፣ ገብቶ አልወጣም ብሏል፣ ኤሌክትሮዱ ሁሉ እርጥበት እየሳበ አልነሳ እያለኝ እናትሽ እሳት ዳር እያደረቀችልኝ ነው የምበይደው።

ከአሮጌ ብረት በይጄ የሰራሁትን በሬ፣ የዳልቻን ፎቶ ያየው ሰውዬ ልግዛው ማለቱን ስትነግሪኝ ስልክ ላይ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ እንዳይመስልሽ፣ ብሩም ጥሩ ብር ነው ለቤት ኪራይሽ ይሆን ነበር፣ ብቻ ቶሎ መልስ አጣሁ። አሁን ልንገርሽ።

የጎድን አጥንቶቹን አይተሻቸዋል አይደል? የአያትሽ ማጭዶች ናቸው። ጥርሳቸው ካለቀ በኋላም አልጣሏቸውም፣ ጣራ ስር ሰክተዋቸው ነበር፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ አውርጄ ሳያቸው ጎብጠው የከሳ በሬ ጎን መሰሉኝ፣ ሁሉም ነገር የተጀመረው ከዛ ነው። ከግንባሩ ወደ አፍንጫው የወረደው ደግሞ ማረሻቸው ነው። ጫፉን ድንጋይ በልቶት ደንዟል፣ ለዳልቻ አፍንጫ ግን ልክክ አለ፣ እኔ በግራይንደር አልነካሁትም፣ እንዳለ ነው የበየድኩት። ሌላው ከጋራዥና ከቁራሌው የመጣ ነው፣ እግሩ ፌሮ፣ አይኑ የኩሽኔታ ኳስ፣ ጭራው የሞተር ሰንሰለት ጫፉ ላይ የተፈታ የፍሬን ካቦ።

ሻኛው ነው የፈተነኝ። መጀመሪያ ወደ ወገቡ አርቄ ሰራሁትና ግመል ሆኖ ቁጭ አለ፣ ተናደድኩ፣ ከዛ የጎረቤታችንን በሬ ሄጄ ቆሜ ሳየው ለካ ሻኛ የሚቀመጠው ከፊት እግሩ በላይ ትከሻው ላይ ነው፣ ሲራመድም ወደ ጎን ዘንበል ይላል። ቆርጬ እንደገና ሰራሁት።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የአንገቱን ውስጥ በአሮጌ የውሃ ቧንቧ ነበር የሰራሁት፣ ዝናብ ስለነበር በሩን ዘግቼ። ቧንቧው ዚንክ የተቀባ ነው፣ ሲቃጠል ነጭ ጭስ ያወጣል። ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ትኩሳት፣ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ፣ እናትሽ ወባ ነው ብላ ይዛኝ ሄደች፣ ደሜ ሲታይ ወባ የለም። በማግስቱ ለቀቀኝ። ወተት ጠጣ የሚሉት ነገር አያድንም ልጄ፣ የሚያድነው ዚንኩን ፍቆ በር ከፍቶ መስራት ነው፣ አሁን ታናሽ ወንድምሽን እንደዛ እያስተማርኩት ነው። የነዳጅ ታንክማ ባዶም ቢሆን እንዳይነካ ብዬዋለሁ፣ የቀረው ትነት ነው የሚፈነዳው።

ስለዚህ ሰውየውን ዳልቻ አይሸጥም በይው፣ በክብር ንገሪው። ከፈለገ ጉማሬ እሰራለታለሁ። እዚሁ ጅማ ቦዬ ረግረጉ ዳር እየሄድኩ ጉማሬዎቹን እያየሁ ነው፣ ቀን ውሃ ውስጥ ስለሚውሉ ከላይ የሚታየው ጆሮ፣ አይን፣ አፍንጫና ትንሽ ጀርባ ነው፣ እኔም ያንን ብቻ ነው የምሰራው፣ መሬት ላይ ሲቀመጥ ሳሩ ውሃ ይሆንለታል። እሱን ደስ ብሎኝ እሸጣለሁ፣ ብሩም ያንቺ ነው።

መርካቶ ከወረድሽ ምናለሽ ተራ ግቢና ትልልቅ የኩሽኔታ ኳሶች ፈልጊልኝ፣ ሁለት እኩል የሆኑ፣ እዚህ ያገኘሁት ለጉማሬ አይን አነሰብኝ።

አባትሽ