ማንኪያው ከቤት ይገኛል፤ መሮውንና ሮለሩን እንጋራ፦ ለቤት ውስጥ ሕትመት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ሥዕል ቀርጾ በእጅ ለማተም ትልቅ የማተሚያ መኪና ግዴታ እንዳልሆነ በሥራው ውስጥ ያለፉ ሁሉ ያውቁታል። ቁራጭ ሊኖሊየም (ከተልባ ዘይትና ከቡሽ ዱቄት የሚሠራ ንጣፍ) ወይም ለስላሳ እንጨት፣ ስል መሮ፣ ቀለም የሚያዳርስ ትንሽ ሮለር፣ ስስ ወረቀትና የወረቀቱን ጀርባ የሚያሽ የእንጨት ማንኪያ ካሉ፣ ጥቁሩ የጠገበና ነጩ የጠራ ሥዕል በማንኛውም ጠረጴዛ ላይ ማተም ይቻላል። ከእነዚህ መካከል ግን መሮውና ሮለሩ በቤት ዕቃ የሚተኩ አይደሉም፤ ብዙ ጀማሪም የሚቀረው እዚያ ላይ ነው። ይህንን ጥሪ የምናቀርበው በቤታችን የምናትምና ሌሎችን የምናለማምድ ጥቂት ሰዎች ስንሆን፣ ዓላማችን ከቤት ወደ ቤት የሚዘዋወሩ 12 የመሣሪያ ሣጥኖችን ማዘጋጀት ነው።

ሐሳቡ በመጀመሪያ ሲነሣ አብዛኞቻችን የተመኘነው አንድ የጋራ ፕሬስ (የማተሚያ መኪና) ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩን ስንመረምረው ፕሬስ የግድ የሚያስፈልገው ለሌላ ዓይነት ሕትመት መሆኑን አስተዋልን። በብረት ሰሌዳ ላይ በሚሠራው ጥልቅ ሕትመት ቀለሙ የሚቀመጠው በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የረጠበው ወረቀት ወደ መስመሩ ዘልቆ ቀለሙን እንዲያወጣ ከባድ ግፊት ይፈለጋል። በእንጨትና በሊኖሊየም ቅርጽ ግን ቀለሙ የሚያርፈው ሳይነካ በቀረው ገጽ ላይ በመሆኑ፣ ወረቀቱን ከላዩ አንጥፎ ጀርባውን በትዕግሥት ማሸት ይበቃል። ለአንድ ክፍል ብቻ የሚያገለግል ከባድ ብረት ከመግዛት፣ በዚያው ገንዘብ ብዙ ጠረጴዛዎችን ማዳረስ ይሻላል ብለን የወሰንነው በዚህ ምክንያት ነው። በውሳኔው ያልተስማሙ ወዳጆች አሉን፤ ፕሬስ የሚሰጠውን እኩል ግፊት ማንኪያ እንደማይሰጥ መናገራቸውም እውነት ነው።

በእጅ ማሸት ደግሞ የድህነት ዘዴ አይደለም። በ868 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቻይና የታተመውና ቀኑ ከተጻፈባቸው የታተሙ መጻሕፍት ሁሉ ጥንታዊው የሆነው የቡድሂስቶች ጥቅልል ከተቀረጸ እንጨት ላይ የተነሣ ነው፤ የምሥራቅ እስያ አታሚዎችም ለዘመናት ሲሠሩ የኖሩት የወረቀቱን ጀርባ በብሩሽ ወይም በማሻ እየዳሰሱ እንጂ በፕሬስ አልነበረም። የጃፓን አታሚዎች ባረን የሚሉት፣ በቀርከሃ ቅርፊት የተሸፈነ ክብ ማሻ የእኛ ማንኪያ ታላቅ ወንድም ነው። ሊኖሊየም ራሱ ለሥዕል የተፈጠረ ነገር አልነበረም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን በ1860ዎቹ የፈጠራ መብት ያወጣበት ለወለል ንጣፍ ሲሆን፣ የሚሠራውም አየር አግኝቶ ከደደረ የተልባ ዘይት፣ ከቡሽ ዱቄትና ከሙጫ ሆኖ በጆንያ ጨርቅ ላይ ተዳምጦ ነው። በ1937 በሜክሲኮ ሲቲ የተመሠረተው የሕዝባዊ ግራፊክ ወርክሾፕ አባላት መሣሪያና ቦታ ተጋርተው ብዙ ፖስተርና በራሪ ወረቀት ያተሙበት፣ ሊኖሊየም ርካሽና በፍጥነት የሚቀረጽ ስለነበር ነው። እኛም የምንከተለው ይህንኑ የመጋራት መንገድ ነው።

እያንዳንዱ ሣጥን ሦስት መሮዎች ይኖሩታል፦ አንዱ ለቀጭን መስመር የሚሆን ሹል አፍ፣ ሁለቱ ሰፊ ቦታ የሚጠርጉ ክብ አፍ። ከእነርሱ ጋር ወርዱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ለስላሳ የጎማ ሮለር፣ ሰሌዳው እንዳይንሸራተት የሚይዝ የእንጨት ማስደገፊያ፣ አንድ ቱቦ ጥቁር ቀለም፣ 15 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አምስት ቁራጭ ሊኖሊየሞችና አንድ እሽግ ስስ ወረቀት ይገባሉ። ማንኪያ፣ እርሳስ፣ አሮጌ ጨርቅና ቀለም የሚሰጣበት መስታወት ሆን ብለን አላካተትንም፤ ከፎቶ ፍሬም የወጣ መስታወት ጠርዙ በፕላስተር ከታሸገ በቂ ነው። ለጋሾች የሚሰጡት ገንዘብ በማንኛውም ቤት ለሚገኝ ዕቃ አይወጣም።

መሳያ ድንጋይና ለማለስለሻ የሚሆን ቁራጭ ቆዳ ግን በየሣጥኑ መኖር አለባቸው፤ በዚህ አንደራደርም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በጀማሪነቱ ዘመን ዱልዱም መሮ ይዞ፣ አልቆርጥ ሲለው ጉልበት ጨምሮ፣ ሊኖሊየሙን ስቶ የግራ አውራ ጣቱን ወግቷል። ስል መሮ በትንሽ ግፊት ስለሚሄድ እጅ ይቆጣጠረዋል፤ የደነዘ ግን በጉልበት ስለሚገፋ ሲያመልጥ የት እንደሚቆም አይታወቅም። ሌላው ሕግ፣ ሰሌዳውን የያዘው እጅ ሁልጊዜ ከመሮው በስተኋላ እንጂ በፊቱ እንዳይሆን ነው። ሊኖሊየሙ በብርድ ከደረቀ ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ ላይ ማኖር ወይም ከሰውነት ሙቀት ጋር ማስጠጋት ያለሰልሰዋል፤ ይህም ጉልበትን ይቀንሳል።

ስለ ቀለሙ ብዙ ተከራክረናል። በውኃ የተበጠበጠ ቀለም ለማጠብ ቀላል ቢሆንም፣ በእጅ ለሚያትም ሰው ቶሎ ይደርቅበታል፤ ወረቀቱን በማንኪያ አሽቶ ሳይጨርስ ቀለሙ ሰሌዳው ላይ ይያዛል። በዘይት የተሠራው ለማሸት ጊዜ ይሰጣል፣ ጥቁርነቱም ይጠልቃል፣ ለመድረቅ ግን ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ የመረጥነው ዘይታማ ሆኖ በሳሙናና በውኃ የሚለቀውን ዓይነት ነው። ውድ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን በስሱ ከተዳመጠ አንድ ቱቦ ብዙ ቅጂ ያወጣል። ትክክለኛው ልክ በጆሮ ይታወቃል፦ ሮለሩ በመስታወቱ ላይ ሲሄድ በስሱ «ሽሽ» ካለ ደርሷል፣ እንደ ጭቃ ከተጣበቀና ከጮኸ ግን በዝቷል፣ ቀጭኑንም መስመር ይደፍነዋል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተከምሮ ሲቀመጥ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ስለሚግል በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ስለዚህ ተዘርግቶ መድረቅ እንዳለበት በየሣጥኑ ክዳን ላይ እንጽፋለን።

ከገንዘቡ ከፊሉ የሚውለው ከሣጥኑ ጋር ለሚሄድ በአማርኛ የተዘጋጀ አጭር መመሪያ ነው። መመሪያው ሥዕልን በካርቦን ወረቀት ገልብጦ ከማስፈር ጀምሮ የወረቀቱን አንድ ማዕዘን ብቻ አንሥቶ ሕትመቱን እስከ መመልከት ድረስ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ሠዓሊው ፒካሶ በ1950ዎቹ መጨረሻ በስፋት የተጠቀመበትን፣ አንድን ሰሌዳ እያተሙ እየቀረጹ ብዙ ቀለም የማውጣት ዘዴም ያስረዳል፤ ዘዴው ለየቀለሙ ሌላ ሰሌዳ ስለማይጠይቅ ሊኖሊየም ይቆጥባል፣ የተሳሳተውን ግን መመለስ አይቻልም። ለፊደላችን የተለየ ገጽ ሰጥተናል። የተቀረጸ ነገር ሁሉ ሲታተም ስለሚገለበጥ ጽሑፍ በግልባጭ መቀረጽ አለበት፤ «ሀ» እና «ሠ» ቢዘነጉ ብዙም አይታወቅባቸውም፣ ካዕብና ሣልስ ሲመጡ ግን ቅጥያቸው ወደ ግራ ዞሮ ጉዱ ይወጣል።

አንድ ሣጥን በአንድ ተዋሽ ቤት ስድስት ሳምንት ይቆያል። ተዋሹ ሲመልስ መሮዎቹን ስሎ፣ ሮለሩን አጥቦ፣ ከወለል ተነሥቶ ተሰቅሎ መቆየቱን አረጋግጦ፣ ካተማቸው ቅጂዎች አንዱን በሣጥኑ ውስጥ ይተዋል፤ ተከታዩ ሰው ሣጥኑን ሲከፍት ከእርሱ በፊት የታተመውን ሁሉ ያገኛል። ያለቀው ቀለምና ሊኖሊየም ከጋራው ገንዘብ ይተካል። ምን እንደ ገባና ምን እንደ ተገዛ በየሦስት ወሩ ለለጋሾች በጽሑፍ እናሳውቃለን። መሮ ያለበትን ሣጥን ለልጆች ብቻቸውን አንሰጥም፤ ለእነርሱ ካርቶን ቆርጦ በመለጠፍ የሚሠራውን ሕትመት የሚያስተምር የተለየ ክፍል በመመሪያው ይኖራል።

የምንጠይቀው ድጋፍ በመጀመሪያ ገንዘብ ነው፤ የአንድ መሮ ወይም የአንድ ቱቦ ቀለም ዋጋ የሚያህል ትንሽ ስጦታም የራሱ ቦታ አለው። በቤታችሁ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ መሮ ካለ፣ ዝጎም ቢሆን እንቀበላለን፤ ዝገቱ ተስሎ ይወገዳል። ጎማው የተሰነጠቀ ወይም የተጎረደ ሮለር ግን ጉድለቱን በእያንዳንዱ ሕትመት ላይ ስለሚያትም አይጠቅመንም። ከቆየ ወለል የተነሣ ንጣፍ እንዳታመጡልን በአክብሮት እንለምናለን፤ በአሁኑ ጊዜ ሊኖሊየም እየተባለ የሚጠራው ብዙው ፕላስቲክ ከመሆኑም ሌላ፣ አንዳንዱ አሮጌ ንጣፍ በጀርባው ወይም በማጣበቂያው አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። አናጢ የሆናችሁ ማስደገፊያ ሰሌዳ በመሥራት፣ ቢላና መቀስ የምትስሉ ደግሞ መሮ መሳል ለሚያስተምር ልምምድ አንድ ከሰዓት በኋላ በመስጠት ልትረዱን ትችላላችሁ።

ሣጥኖቹ በተሟሉበት ቅደም ተከተል ይወጣሉ፤ ቀሪዎቹ እስኪሞሉ የሚጠብቅ ሣጥን አይኖርም። የመጀመሪያው ዛሬ ሦስቱ መሮዎች፣ መሳያ ድንጋዩና ማስደገፊያው አሉት፤ የሚጎድለው ሮለሩና ቀለሙ ነው።