የሚበላሽ ወረቀት ግዙልን፦ ለቀጨኔ ልጆች የድጋፍ ጥሪ

የሰፈራችን ሰዎች፣ ቀጨኔ አድጋችሁ ሌላ ቦታ የምትኖሩ፣ ከአገር ውጭ ያላችሁም፤ አንድ ልመና አለን። ልጆቻችን የሚያበላሹትን ወረቀት፣ የሚደፉትን ቀለም፣ ሠርተው የሚያፈርሱትን ሸክላ እንድትገዙልን ነው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ወደ 40 የሚሆኑ ልጆች የእድራችን አዳራሽ ይመጣሉ። ትንሿ 6 ዓመቷ ነው፣ ትልቁ 12። ወላጆቻቸው እስከ ማታ ሥራ ላይ ናቸው፤ ሽመና፣ ጉሊት፣ የቀን ሥራ። አዳራሹ ባይኖር ልጆቹ ወይ መንገድ ላይ ይውላሉ ወይ ቤት ይቆለፍባቸዋል። እዚህ ግን እስከ 12 ሰዓት ይስላሉ፣ ጭቃ ይጠፈጥፋሉ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይለጣጥፋሉ።

አብዛኞቻችን ሥዕል የተማርነው በመገልበጥ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጎጆ ቤት ይስላል፣ ከኋላው ሁለት ተራራ፣ መሃላቸው ፀሐይ። ያስመሰለ 10 ከ10 ያገኛል። ያላስመሰለው «እኔ ሥዕል አልችልም» እያለ ያድጋል። እኛ ጋ የሚገለበጥ ነገር የለም። ልጁ ዕቃና ጊዜ ይሰጠዋል፣ ከዚያ የራሱን ይሞክራል። አስተማሪዎቹም «ጎበዝ፣ ያምራል» ብለው አያልፉትም። «ይሄን ቀለም እንዴት አመጣሽው? ውሃ ብትጨምሪበትስ?» ይላሉ።

ቅርብ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። እርድ በውሃ በጥብጠን ለቢጫ፣ አመድ ደግሞ ለግራጫ ብለን አቀረብን። አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ከአመዱ ቆንጠር አድርጋ እርዱ ውስጥ ጨመረች። ቢጫው እያየችው ወደ ቀይ ተለወጠ። ጮኸች! ሁሉም ከበቧት። በማግስቱ ልጆቹ ከየቤታቸው ሳሙና ይዘው መጡ። ሳሙናም ያቀላዋል፤ ሎሚ ሲጨመቅበት ደግሞ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፣ ራሳቸው ናቸው የደረሱበት። የልጅቷ ወረቀት ግን ውሃ በዝቶበት ተቀደደ። እናቷ ልትወስዳት መጥታ «የታል የሳልሽው?» ስትላት የምታሳያት ነገር አልነበራትም። ስለ አመዱ ግን እስኪደክማት አወራችላት።

ለእኛ የዚያን ቀን ትልቁ ሥራ ይሄ ነበር። ብዙ ሰው ግን ሲረዳ በፍሬም ገብቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ማየት ይፈልጋል። በዓመት አንዴ ኤግዚቢሽን አሳዩን የሚሉንም አሉ። ለኤግዚቢሽን ብለን ብንሠራ አስተማሪው የልጁን እጅ ይዞ መሳል ይጀምራል፣ ያኔ ልፋታችን ሁሉ ገደል ይገባል። ስለዚህ ሲሠሩ መጥታችሁ እዩ። በራችን ክፍት ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ተራ ሰው ተባብሮ እንደሚሠራው የሚያሳይ ታሪክ አለ። በ1945 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ፣ ጣሊያን ውስጥ ሬጆ ኤሚሊያ አጠገብ ያለች ቪላ ቼላ የምትባል መንደር ነዋሪዎች ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን ታንክ፣ መኪናዎችና ፈረሶች ሸጡ። በገንዘቡ የሕፃናት ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ። ጡቡን ያመጡት በቦምብ ከፈረሱ ቤቶች ነው። ይህን የሰማ ሎሪስ ማላጉዚ የሚባል ወጣት መምህር በብስክሌት ሄዶ አያቸውና ከእነሱ ጋር ቀረ። በኋላ የከተማው የሕፃናት ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሥነ ጥበብ ባለሙያና ለሥዕልና ለእጅ ሥራ ብቻ የተለየ ክፍል እንዲኖር ያደረገው እሱ ነው። ዛሬ ከዓለም ዙሪያ መምህራን ሊማሩ ወደዚያ ይሄዳሉ።

እኛ የምንሸጠው ታንክ የለንም፤ ባለሙያ ግን ሞልቶናል። የቀጨኔ እናቶች ጀበናውንም ድስቱንም በእጃቸው ይሠራሉ። በዚህ ሙያቸው ስንት ዘመን ሲናቁና ሲሰደቡ ኖረዋል። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ከእነሱ አንዷ አዳራሹ መጥታ ከልጆቹ ጋር ጭቃ ታቦካለች። ልጁ የሠራው ነገር አንድ ጎኑ ወፍሮ አንድ ጎኑ ሲሳሳ፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እሷ አታስተካክልለትም። «እስቲ በጣትህ ዳብሰው፣ የቱ ጋ ነው የሳሳው?» ትለውና ሌላ ጭቃ ትሰጠዋለች። ገበያዋን ትታ ነው የምትመጣው፤ በነፃ ልናስለፋት አንፈልግም። ከምትሰጡን ገንዘብ መጀመሪያ የሚከፈለው የእነዚህ እናቶች የቀን አበል ነው።

ከዚያ ወረቀት፣ ኮላ፣ ብሩሽና የሸክላ አፈር ይገዛል። ውሃ ስለሚጠፋብን አንድ ሮቶ በጣም ያስፈልገናል። በዓይነት መስጠት ለምትፈልጉ፣ አንድ ፊቱ የተጻፈበት የቢሮ ወረቀት፣ ካርቶን፣ ልብስ ሰፊዎች ጋ የሚተርፍ ጨርቅ፣ ለሽርጥ የሚሆን አሮጌ ሸሚዝ ሁሉ ይጠቅመናል። ሥዕል የተማራችሁ ወጣቶች ደግሞ በሳምንት አንድ ከሰዓት ስጡን።

ዕቃ ይዛችሁ ስትመጡ ከ10 ሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰው አለ። ገንዘብ የምትሰጡ ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ስጡ፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ። ውጭ አገር ያላችሁ ሰፈር ባለ ዘመዳችሁ በኩል ላኩልን። የገባውና የወጣው ሒሳብ በየወሩ መጨረሻ የአዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል።