ሁለት ኤስ ይዞ ዝም ማለት ለእኛ ጠረጴዛ አይሆንም

ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፣

በመዝናኛ ገጻችሁ ስለ ፖከር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ባሕር ዳር ውስጥ ካርታ የምንጫወት ሰዎች ተቀባብለን አንብበነዋል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ታድሎ መሀል ላይ ለሁሉም የሚያገለግሉ አምስት ካርታዎች የሚገለጡበትን የፖከር ዓይነት፣ ቴክሳስ ሆልደምን፣ በአማርኛ ለማስረዳት መሞከራችሁ ደስ አሰኝቶናል። ሁለት ነገሮች ግን መታረም አለባቸው። አንደኛው «ጠንካራ ካርታ የደረሰው ሰው ዝም ብሎ ሌላው እስኪገባለት ይጠብቅ» የሚለው ምክር ነው። ሌላው የቁጥር ስህተት ነው።

ምክሩ በቴሌቪዥን ከሚታዩ ውድድሮች የተወሰደ ይመስላል። እዚያ አብዛኛው ተጫዋች ሁለቱን ካርታ አይቶ ወዲያው ይጥላል። በከተማችን ከሽምብጥ ሰፈር እስከ ግሽ ዓባይ ሰፈር፣ በጣና ዳር ዛፎች ሥርም ጭምር፣ የሚጫወተው ግን በሽምብራ ነው። ገንዘብ ስለሌለበት የሚጥል ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ስድስት ሰው ከተቀመጠ አምስቱ ይከተላል።

ሁለት ኤስ፣ ማለትም ከጥንዶች ሁሉ ትልቁ፣ በአማካይ ከ221 እደላ አንዴ የሚደርስ ካርታ ነው። ማንኛውንም ካርታ የያዘ አንድ ሰው ብቻ እስከ መጨረሻው ቢገጥመው ከመቶ 85 ጊዜ ያሸንፋል። ሦስት ሰው ከገጠመው ወደ 64፣ አምስት ከገጠመው ወደ 49 ይወርዳል። ካርታው ያው ነው፤ ያዳከመው የተከታዩ ብዛት ነው። ስለዚህ መሀል ላይ ምንም ሳይገለጥ ከፍ አድርጎ በማስያዝ ሰው መቀነስ ያስፈልጋል። ትልቁ የግዴታ መያዣ (አንዱ ተጫዋች ካርታውን ሳያይ በግድ የሚያስይዘው) 4 ሽምብራ ከሆነ ሦስት እጥፉን 12ን መነሻ አድርጉ፤ ከእናንተ በፊት 4 ከፍሎ ለገባ ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ 4 ጨምሩ። ሦስት ሰው ገብቶ ከሆነ 24 ማለት ነው። ያንንም ሁሉም የሚከተል ከሆነ 30 አስይዙ።

ነገር ግን ኤስ ሲይዙ 30፣ መካከለኛ ካርታ ሲይዙ 12 ማለት ትልቅ ስህተት ነው፤ በሁለተኛው ቀን ሰው ሁሉ ይነቃበታል። ጭማሪው በገባው ሰው ብዛት እንጂ በካርታው ጥራት መለዋወጥ የለበትም። ሐይቁ ዳር ለሚጫወቱ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። ነፋሱ ካርታ እንዳይገለብጥ ሰው ሁሉ የቡና ስኒ ይጭንበታል። ሊጥል ያሰበው ተራው ሳይደርስ ስኒውን ያነሳል፤ ጥሩ ካርታ የደረሰው ጣቱን ከስኒው አያላቅቅም። ተራችሁ እስኪደርስ ሁልጊዜ እጃችሁን ከስኒው አርቁ።

ወደ ፍሎፕ፣ መሀል ላይ መጀመሪያ ወደሚገለጡት ሦስት ካርታዎች፣ እንምጣ። ሁለት ኤስ ይዘን አንድ ሰው ተከትሎናል እንበል፤ መሀል ላይ 60 ሽምብራ አለ፣ የልብ 9፣ የልብ 8 እና የአበባ 4 ተገልጠዋል። ያ ሰው ሁለት ልብ ከያዘ፣ የእኛን ጥንድ የሚያሸንፈውን አምስት ልብ ለመሙላት አንድ ልብ ብቻ ይጎድለዋል። ካላያቸው 47 ካርታዎች 9ኙ ልብ ናቸው፤ ቀጣዩ ካርታ ልብ የመሆን ዕድሉ 19 ከመቶ ነው። ሳናስይዝ ብናልፍ ቀጣዩን ካርታ በነፃ ያያል። 20 ብናስይዝ 80 ለማግኘት 20 ይከፍላል፤ ከአምስት አንዴ ከመጣለት ኪሳራ የለበትም፣ ሲመጣለት ደግሞ በኋላ ስለሚያስከፍለን መከተሉ ልክ ነው። 40 ስናስይዝ ግን 100 ለማግኘት 40 ይከፍላል። ከመቶ 28 ጊዜ በላይ ሊመጣለት ሲገባ የሚመጣለት 19 ጊዜ ነው፤ ልቡ ከመጣ በኋላ ተጨማሪ እስካልሰጠነው ድረስ በተከተለ ቁጥር በአማካይ 13 ሽምብራ ያጎድላል።

ማለፍ ጥሩ የሚሆንበት ጊዜ የለም አላልንም። ሁለት ኪንግ ይዘን ኪንግ፣ 7 እና 2 በሦስት የተለያየ ዓይነት ቢገለጡ የሚያስፈራ ነገር አይታይም። ተጋጣሚው አንድ ብቻ ከሆነ፣ ሌላው ሲያልፍ ራሱ ማስያዝ የሚወድ ሰው ከሆነም አንድ ጊዜ ማለፍ ያዋጣል። ዝም ብሎ ተከታይ ከሆነ ግን አይረባም፤ እኛ ካላስያዝን እሱ አያስይዝም።

ጽሑፋችሁ ጨርሶ ያልነካው ደግሞ የማለፍ ዋጋ ነው። መሀል 60 ሽምብራ ሲኖር በሁለታችንም ፊት 300፣ 300 ቀርቷል እንበል። በሦስቱም ዙር (በፍሎፑ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ካርታ) ካስያዝን መጀመሪያ 37፣ ቀጥሎ 82፣ በመጨረሻ 181 ብለን 300ውን እንጨርሳለን። ሁልጊዜ የመሀሉን 60 ከመቶ ያህል ስለምንጠይቅ ተጋጣሚው አይደነግጥም። አንዱን ዙር ካለፍን ግን 300ውን ለማስገባት በ60 ላይ 70፣ ከዚያ በ200 ላይ 230 ማስያዝ ሊኖርብን ነው። ለመጀመሪያው 37 ያለ ችግር የሚከተል ሰው ለ230 ካርታውን ይጥላል። ጠንካራ ካርታ ይዘው ትንሽ የሚያገኙ ሰዎች የሚሸነፉት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

የቁጥር ስህተቱ ይህ ነው። አንድ ልብ የሚጠብቅ ሰው «35 ከመቶ ዕድል አለው» ብላችኋል። 35 ከመቶ የሚሆነው ሁለቱንም ቀሪ ካርታዎች ካየ ነው፤ ለምሳሌ ሁሉም ሽምብራ ፍሎፕ ላይ ከገባ። በየዙሩ እየከፈለ ለሚያይ ሰው ስሌቱ በ19 ከመቶ ይሠራል። በ35 ያሰላ አንባቢ ለ40 መከተል ትክክል ይመስለዋል።

በመጨረሻም፣ ሁለት ኤስ አንድ ጥንድ ብቻ መሆኑን ጽሑፉ ሳይጠቅሰው አልፏል። እስከ አምስተኛው ካርታ ሲያልፍና ሲከተል የቆየ ሰው ሦስተኛው ልብ ሲገለጥ ድንገት ሽምብራውን በሙሉ ቢገፋ፣ ያ ሰው በባዶ የማይገፋ እስከሆነ ድረስ ኤሱ መጣል አለበት። ይህንና የ35 ከመቶውን እርማት በሚቀጥለው እትም እንድታወጡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አንባቢዎቻችሁ፣ ከባሕር ዳር